4090 ገዝቼ 64 ፍሬም ብቻ? ተሸውጄ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ከሁለት ሳምንት በፊት አርቲኤክስ 4090 የሚባለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚስለውን) ያገለገለ ገዛሁ። ዋጋውን አትጠይቁኝ፤ እናቴም አታውቅም። የሰካሁት አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም፣ ተራ ባለ 1080 ስክሪን። ፓወር ሰፕላዩን ግን በባለ 1000 ዋት ቀይሬዋለሁ።

ከዚያ ለካሁ። ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው ጨዋታ ውስጥ ያለውን መለኪያ ከፈትኩ፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን ከባድ የብርሃን አሳሳል አጠፋሁ፣ የቀረውን ከፍ አደረግሁ። አማካዩ 64 ፍሬም፣ ማለትም 64 ምስል፣ በሰከንድ! ታይም ስፓይ በሚባለው መፈተኛ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ጠቅላላ ነጥቤ ወደ 21,900 ነው። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው 4090ዎች ከዚህ ብዙ ይበልጣሉ። ሻጩ ደካማ ካርድ በ4090 ቆዳ ጠቅልሎ ሸጦልኛል ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? በበኩሌ ተሸውጃለሁ ባይ ነኝ።

ተጨማሪ፦ ይህን ከጻፍኩ ወዲህ የኔን ጨምሮ 31 መልስ ተጽፏል። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነው፣ አንዳንዱ ከካርዱ ጋር ምንም አያገናኘውም። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይሰለች በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አፍ ላውራው።

1. የመጀመሪያው ከአዳማ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አቅርቦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ጨዋታው ሲሄድ ካርዱ ስንት በመቶ እየሠራ እንደሆነ። አላየሁም ነበር። አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ መከታተያ ፕሮግራም ጭኜ ሳየው ከ52 እስከ 55 በመቶ ይላል። ካርዱ ግማሽ ጎኑ እንደተኛ፣ ያስተኛውን ነገር እንድፈልግ ነግሮኝ ሄደ።

2. ሁለተኛው ጨዋ አይደለም። በሬ ከአህያ ጋር ጠምጄ እርሻው ለምን አልሄደም እያልኩ ነው አለኝ። በ1080 ስክሪን 4090 መግዛትን ለአንድ እንግዳ ሰንጋ ከመጣል ጋር አመሳሰለው። ሻጩ ሳያየው ይህን ጽሑፍ ባጠፋው እንደሚሻለኝም መከረ። ተናድጄ ዝም አልኩት።

3. ይኼኛው የስክሪኑን ኬብል ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቼ እንዳይሆን ጠረጠረ። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

4. ቀጣዩ አረመው። ራይዘን 5 3600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካ ስክሪኑ ጭራሽ ጨለማ ይሆን ነበር። ባለ 3 ቁጥሩ አመስግኖ ተቀበለ። በዚህ ክር ላይ ታርሞ ያመሰገነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

5. ከስቶክሆልም የጻፈው ጥርጣሬዬን ከቁም ነገር ቆጠረው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ የኤክስፖርት ገደብ ስታጠብቅ 4090 ወደ ቻይና መግባት አቆመ። በምትኩ ለዚያ ገበያ ተብሎ 4090 ዲ የሚባል ቀነስ ያለ ካርድ ተሠራ። ዋናው 16,384 ኩዳ ኮር (የካርዱ ትንንሽ የስሌት ክፍሎች) ሲኖረው ዲው 14,592 ነው ያለው። ሁለቱም ባለ 24 ጊጋባይት ስለሆኑ ሚሞሪውን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። የካርዱን ማንነት በሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ በሚባል ፕሮግራም እንዳረጋግጥ ነገረኝ። ከፈትኩት፤ 16,384። ሻጩ ላይ የነበረኝ ክስ ግማሹ እዚህ ላይ ሞተ።

6. ከሐዋሳ የመጣው መልስ ከሁሉም ይልቅ የገባኝ ነው። ካርዱን እንደ ሰፊ ምጣድ፣ ፕሮሰሰሩን ሊጥ እንደሚያቀብል ልጅ አድርጌ እንዳስብ ጠየቀኝ። ምጣዱ ምን ቢሰፋ፣ ምን ቢግል፣ ሊጡ ካልደረሰ እንጀራ አይወጣም። ለእያንዳንዱ ፍሬም ማን የት እንደቆመ፣ ማን በምን እንደተመታ፣ ምን መሳል እንዳለበት የሚያዘጋጀው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርዱ የተዘጋጀለትን ይስላል። የኔ ፕሮሰሰር በሰከንድ 64 ብቻ አዘጋጅቶ ካቀበለ ካርዱ 200 መሳል ቢችልም የሚስለው 64 ነው።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ፈተናም ሰጠኝ። ስክሪኔ 1080 ቢሆንም ኤንቪዲያ ዲኤስአር የሚለው መላ አለው። ጨዋታውን በ4ኬ ሠርቶ ለስክሪኑ አሳንሶ ያቀርባል። ስለዚህ በሦስት ሪዞሉሽን ለካሁ። 1080 ላይ 64፣ 1440 ላይ 64፣ 4ኬ ላይ 61። 4ኬ ከ1080 በአራት እጥፍ የበዛ ፒክስል አለው። የካርዱ ሥራ አራት እጥፍ ጨምሮ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ እስካሁን የለካሁት ካርዱን አልነበረም ማለት ነው። ካርድ ገዝቼ ፕሮሰሰሬን ስለካ ከርሜያለሁ። ማነቆ የሚሉት ይኼ ነው።

7. ከፍራንክፈርት የሆነችው ልጅ ታይም ስፓይን ይዛ መጣች። ጠቅላላ ነጥቡን ትቼ ሁለቱን ንዑስ ነጥቦች እንዳነብ ጠየቀችኝ። ግራፊክስ 35,000 አካባቢ፣ ፕሮሰሰር 7,000 አካባቢ። ከዚያ ስሌቱን አሳየችን። 0.85 ለግራፊክስ ነጥቡ ይካፈላል፣ 0.15 ለፕሮሰሰር ነጥቡ ይካፈላል፣ ሁለቱ ይደመራሉ፣ በመጨረሻ 1 ለድምሩ ይካፈላል። ይህን ስታደርጉ 21,875 ይወጣል። የኔ ቁጥር! ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሬ ነጥቡ 14,000 ቢሆን ካርዱ ሳይነካ ጠቅላላው 28,571 ይደርሳል። ለ4090 ደግሞ 35,000 አካባቢ የሚጠበቅ የግራፊክስ ነጥብ ነው። እዚህ ላይ የክሱ ሌላው ግማሽ ሞተ። ሰባት መልስ ሳይሞላ አፍሬያለሁ።

8. አጭር መልስ፣ ትልቅ ጥቅም። ራሙ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል፤ አንድ ሲሆን በአንድ። ላዩ ላይ 3200 ተብሎ የተጻፈበት ራምም ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው የራም ፍጥነት ምርጫ ካልተከፈተ በራሱ ዝቅተኛ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የኔው 2400 ላይ ነበር። ስንት ዓመት! ተመሳሳይ ራም ፈልጌ ሁለት አደረግኋቸው፣ ኤክስኤምፒውን ከፈትኩ። አዲሱ ውጤት፦ 1080 ላይ 88፣ 1440 ላይ 87፣ 4ኬ ላይ 70። 4ኬ ላይ ካርዱ 97 በመቶ ደረሰ። በመጨረሻ ነቃ።

9. አንድ ቆየት ያለ የጨዋታ ሰው፣ ከአጻጻፉ አንጋፋ መሆኑ ያስታውቃል፣ አማካይ ላይ መጣበቃችንን ነቀፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስኮት ዋሰን የሚባለው ጋዜጠኛ ቴክ ሪፖርት ላይ የሰከንዱን ውስጥ ማየት እንዳለብን እስኪያሳይ ድረስ ዓለሙ ሁሉ የሚያወራው ስለ አማካይ እንደነበር ነገረን። 60 ፍሬም በሰከንድ ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ግን 59ኙ ቶሎ ቶሎ ወጥተው አንዱ ብቻ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢንጠለጠልም ቆጣሪው ያው 60 ይላል። ዓይናችሁ ግን ያቺን መንገጫገጭ ያያታል። ስለዚህ አንድ በመቶ ዝቅተኛ የሚባለውን፣ የዘገዩትን ፍሬሞች ብቻ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንድመለከት አዘዙኝ (ከዚህ በኋላ አንቱ ብያቸዋለሁ)። የኔ በፊት 38 ነበር፤ ከራሙ በኋላ 61 ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከ64 ወደ 88 መሄዱን እጄ ብዙም አላስተዋለውም። ከ38 ወደ 61 መሄዱን ግን ጨዋታው ውስጥ መኪና ስነዳ ወዲያው አወቅሁት። ለኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም እንጂ።

10 እና 11። ወዲያው ጠብ። አንዱ አንድ በመቶ ዝቅተኛ ማለት የዘገዩት አንድ በመቶ ፍሬሞች አማካይ ነው አለ። ሌላው አይደለም፣ 99 በመቶው የሚያልፈው ወሰን ነው አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። ለዚህ ነው በአንድ ፕሮግራም የተለካን ቁጥር በሌላ ከተለካ ጋር ማወዳደር የማያዋጣው። እነሱ ግን የት ተማርክ እስከመባባል ደረሱ።

12. ከዱባይ ነኝ ያለው የሱ 4090 በ4ኬ ከ150 በላይ እንደሚያወጣለት ጻፈ። ፎቶም ለጠፈ።

13. ፎቶውን ያጎላ ሰው ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ሠርቶ የሚያሳድገው) እና ፍሬም ጀነሬሽን ተከፍተው አየ። ጨዋታው ያልሠራውን ፍሬም ካርዱ በመሃል ገምቶ እየሞላ መሆኑን በሽሙጥ ገለጸ። ውሃ የተጨመረበት ጠላ አለው።

14. የዱባዩ አልተሸነፈም። ካየሁት ይበቃኛል ባይ ነው። እኔም ሞከርኩት። እንደኔ ፕሮሰሰሩ ለደከመበት ሰው ፍሬም ጀነሬሽን በርግጥ ምስሉን ያለሰልሳል። ማውሱ ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም፤ የተጨመረው ፍሬም የኔን እጅ አያውቀውም። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲጻፍ ተከፍቶ ነው ወይስ ተዘግቶ የሚለው አብሮ ካልተጻፈ መለኪያ አልለውም፣ ጉራ ነው።

15. ከዚያ የሚጠበቀው መጣ። በዚህ ብር ሱቅ ይከፈት ነበር የሚል። ቤተሰብም ተነሣ፣ ትዳርም ተነሣ።

16. አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት መለሰለት። ሁለት አሮጌ ፕሌይስቴሽንና አንድ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን ይዞ ጀምሮ ልጆቹን እንዳስተማረ ጻፈ። ጨዋታን መናቅ ትክክል አይደለም አለ። ለሱ ግን 4090 አያስፈልግም። ለደንበኞቹ የሚያስፈልገው የማይበላሽ ጆይስቲክ ነው።

17 እና 18። ስለ ብር ምንዛሪ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት 100 እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። ካርዱ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። አንዱ በያኔውና በኋላ በመጣው ምንዛሪ አባዝቶ አስቀመጠው። ያንን ስሌት እዚህ አልደግመውም። እናቴ ብታነበውስ?

19. ወደ ቁም ነገር የመለሰን ከኮልፌ የሆነ ኤሌክትሪሺያን ነው። 450 ዋት የሚበላ ካርድ ይዤ ያለ ዩፒኤስ መለካቴ አስደነገጠው። ልክ ነበር። በሦስተኛው ልኬቴ መሃል መብራት ሄዷል።

20. ሌላው የካርዱን ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ መጨረሻው ገፍቼ እንደሆነ ጠየቀ። ካርዱ በወጣበት ሰሞን የቀለጡ መሰኪያዎች ፎቶ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ኤንቪዲያም ባየው ሁኔታ በአብዛኛው ኬብሉ በደንብ አለመግባቱን ገልጿል። በባትሪ አየሁት፤ ገብቷል።

21. የኤሌክትሪሺያኑ ጓደኛ የኃይል ወሰኑን በአፍተርበርነር ወደ 70 በመቶ እንዳወርደው መከረ። 315 ዋት ማለት ነው። 4ኬ ላይ ከ70 ወደ 67 ብቻ ወረደ። ለሦስት ፍሬም 135 ዋት የምከፍልበት ምክንያት አልታየኝም። እስካሁን እንደዚያው ነው።

22. ከዚህ በኋላ ያለው ያልጠበቅሁት ነው። የሙቀቱን ቁጥር የጠየቀ ሰው ነበር። ፋኑን 60 በመቶ ላይ አስሬ፣ ኃይሉን ሙሉ አድርጌ፣ ክፍሌ 22 ዲግሪ ሆኖ ለግማሽ ሰዓት አስሮጥኩት። 75 ዲግሪ።

23. ከሲልቨር ስፕሪንግ ያው ሞዴል ያለው ልጅ በዚያው አሠራር ለካው። ክፍሉም 22 ዲግሪ ነው። የሱ 67። ስምንት ዲግሪ ከየት መጣ?

24. ያገለገለ ካርድ ነው፣ የሙቀት ቅባቱ ደርቋል ተባልኩ። ሊሆን ይችላል።

25. ከደብረ ብርሃን የጻፈችው ግን ከፍታው ነው አለች። እኔ ባለሁባት አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ደጋ ላይ ባቄላ ለምን አልበስል እንደሚል አስታወሰችን። ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ያ ክብደት ነው።

26. የሁለት ቁጥሩ ተሳዳቢ ተመልሶ መጣ። ከፍታ ለሯጭ እንጂ ለካርድ እንደማይነሣ፣ ካርዱን እንጦጦ ወስጄ ልምምድ ላሠራው እንደምችል ተሳለቀ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

27. መልሱን የሰጠው ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ነው (የ12 ቁጥሩ አይደለም)። ያንኑ ኮምፒውተር፣ ያንኑ 3080 ካርድ ይዞ ነው የመጣው። ዱባይ እያለ ኤሲውን 24 ዲግሪ አድርጎ፣ ፋኑን አስሮ የለካው ቁጥር ነበረው። እዚህም ክፍሉ 24 በሆነበት ቀን በዚያው አሠራር ለካ። ስድስት ዲግሪ ጨመረ። ካርዱ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ፣ የተቀየረው አየሩ ብቻ። እኔ የራሴን ካርድ አቧራውን ሳጸዳ ሁለት ዲግሪ ወረደልኝ። ቀሪው ስድስት ነው። ቁጥሩ መግጠሙ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ካርድ ብዙ አያስወራም። ግን የውጭ ሰው ለክቶ ያወጣውን ሙቀት እያየሁ ካርዴ ታሟል ብዬ መጨነቅ አቁሜያለሁ። ፋኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው።

28. አንጋፋው ሰውዬ እንደገና መጡ። ሁሉንም ቁጥር እንድጠራጠር የድሮ ታሪክ አወሩን። እ.ኤ.አ. በ2001 የኤንቪዲያ ተፎካካሪ የነበረው የኤቲአይ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ኩዌክ 3 የሚለውን የጨዋታ ስም ሲያይ የምስሉን ጥራት ደብቆ እየቀነሰ ፍጥነት ይጨምር ነበር። የተያዘው ሰዎች የጨዋታውን ስም ኩዌክ ከሚለው ወደ ኳክ ሲቀይሩት ነው፤ ስሙ ሲቀየር ፍጥነቱ ወረደ፣ ጥራቱ ተመለሰ። በ2003 ደግሞ ፊውቸርማርክ የሚባለው ድርጅት 3ዲማርክ 03 የሚባለውን መፈተኛውን ድራይቨር እንዳያጭበረብረው ሲያርም የኤንቪዲያ ነጥብ ወደ ሩብ በሚጠጋ ወረደ። ዓይናችሁን ምስሉ ላይም አድርጉ ብለው ተሰናበቱ።

29. ተሳዳቢው ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን ግን ቀዝቅዟል። ከመክሰስ በፊት መለካት እንደሚቀድም፣ ስለካም ሦስት ጊዜ ለክቼ የመጀመሪያውን መጣል እንዳለብኝ (ሼደር የሚባሉት የምስል መሳያ ትንንሽ ፕሮግራሞች ገና እየተዘጋጁ ስለሆነ)፣ ክሮምና ቴሌግራም መዘጋት እንዳለባቸው ጻፈ። ሁሉም ትክክል ነው። ሻጩን ይቅርታ ጠይቄ እንደሆነም ጠየቀ። አልጠየቅሁም ነበር።

30. ሻጩ ራሱ ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያነብ ቆይቷል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ከመግዛቴ በፊት ካርዱ 4ኬ ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራም እንደላከልኝ አስታወሰኝ። ገብቼ አየሁ። ቪዲዮው አለ። ትልቅ ስለሆነ ፓኬጄን እንዳይበላብኝ ብዬ አላወረድኩትም ነበር። አሁንም ሳይወርድ ተቀምጧል።

31. የኔ መልስ ነው። በሁላችሁም ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ተቀበለኝ። ወዲያው ደግሞ የኔው ቢ450 ላይ፣ ባዮሱ ከታደሰ፣ የሚሰካ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እንዳለው ሹክ አለኝ። 96 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ) ያለው፣ ለጨዋታ የተመሰከረለት ፕሮሰሰር ነው። ዋጋውን ስጠይቅ ኢንቦክስ አለኝ። ቪዲዮ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ማታ ፓኬጅ እሞላለሁ።